የግሸን መንገድና የዕፀዋት ትምህርት ፈተና

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በባዮሎጂ ክፍል የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 የምንናገርበት ጉዳይ ዕፀዋትን በከፍተኛ ደረጃ አጥንቶ ለውድድር ፈተና ስለ መቅረብ ነው። ይህን ርእስ የመረጥነው በሙያው የተራቀቅን ሆነን ሳይሆን ወድቀንበት ስለ ነበረ ነው። አንድ ጊዜ የተደናቀፈ ሰው ድንጋዩ የት እንዳለ ያውቃልና፥ ከኋላችን ለምትመጡት ድንጋዩን እናመለክታችሁ ዘንድ ቆመናል።

ፈተና በዘመናችን ምን ያህል ጠባብ በር እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት በተገለጠ ጊዜ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ሆኑ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ስለ ተጀመረ፥ ኮሌጅ የገባም ሰው ሌላ በር ይጠብቀዋል። ከዚህ የተነሣ ፈተናን መፍራት፥ ለፈተናም ብቻ ማጥናት በሁላችን ደም ውስጥ ገብቷል። በዚህ ማንንም አንወቅስም፤ እኛም የዚሁ ዘመን ልጆች ነንና።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። በሦስተኛ ዓመት መጨረሻ፥ በሰኔ ወር፥ ለከፍተኛ የዕፀዋት ጥናት ከየኮሌጁ ጥቂት ተማሪዎችን የሚመርጥ አንድ የውድድር ፈተና ነበር። ከክፍላችን ስድስት ሆነን ቀረብን። ከስድስታችን ሦስታችን የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ነን፤ የቀሩት ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። አንድ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥተን ተዘጋጅተናል። የመምህራንን ማስታወሻ በፎቶ ኮፒ አባዝተን ተከፋፍለናል፤ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ሰብስበን በቃል አጥንተናል፤ የዕፀዋትን ቤተሰቦች በላቲን ስማቸው እንደ ዳዊት ደግመናል። እኩለ ሌሊት ላይ አንዱ «ሩቢያሴ!» ሲል ሌላው «ቡና! ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ!» ብሎ ይመልስ ነበር። ማንም ቢያየን የምናልፍ እንመስል ነበር።

የፈተናው የመጀመሪያ ክፍል ከአራት መልሶች አንዱን መርጦ ማጥቆር ነበር። ሁላችንም ደኅና ሠራን። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ አስቴራሴ ቤተሰብ ነበር፤ መልሱም «ብዙ ደቃቅ አበቦች በአንድ ራስ ላይ ተሰብስበው እንደ አንድ አበባ የሚታዩበት» የሚለው ነው። ስድስታችንም ይህንኑ አጠቆርን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ሁለተኛው ክፍል ገባን። በጠረጴዛ ላይ የደረቁ አምስት ዕፀዋት ተዘርግተው፥ አበቦቻቸውም በፍል ውኃ ርሰው እንዲለሰልሱ ተደርጎ፥ በየአጠገባቸው አጉሊ መነጽርና መርፌ ተቀምጦ አገኘን። የተጠየቅነው አበባውን ፈትተን ክፍሎቹን እንድናሳይ፥ ቤተሰቡን እንድንናገርና ምክንያታችንን እንድንጽፍ ነው። ከአምስቱ አንዷ አደይ አበባ ነበረች። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ እኅቶቻችን ነቅለው ይዘዋት የሚመጡትን፥ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቃትን አደይ አበባ በመነጽር ስናያት ተደናገርን። ዙሪያውን ያሉትን ቢጫ ቅጠሎች የአንድ አበባ ቅጠሎች ናቸው ብለን ቆጠርን፤ በመካከሏ ያለውን ክምር ደግሞ የወንዴ ክፍል ነው ብለን ጻፍን። ይኸውም ማለት፥ ከአንድ ሰዓት በፊት በትክክል ያጠቆርነውን መልስ በገዛ እጃችን ስንይዘው አላወቅነውም።

ከስድስታችን አንዱ ብቻ አለፈ። እርሱ ከሁላችን የበለጠ ሌሊት ያደረ አልነበረም። ነገር ግን አጎቱ ዘንድ ክረምቱን ሲያሳልፍ ያገኘውን አበባ ሁሉ በምላጭ እየሰነጠቀ በደብተር ላይ መሣል ልማዱ ነበር። እኛ ይህን እንደ ልጅ ጨዋታ ቆጥረን «ሠዓሊው» እያልን እናሾፍበት ነበር። ዛሬ በይፋ ይቅርታ እንጠይቀዋለን።

በመስከረም ወር፥ ቅስማችን እንደ ተሰበረ፥ የቀረነው አምስታችን ወደ ግሸን ሄድን። ግሸንን ለማታውቁ ጥቂት እንበል። ግሸን ደብረ ከርቤ በደቡብ ወሎ፥ በአምባሰል የምትገኝ፥ ተፈጥሮ በመስቀል ቅርጽ ያነጻት አምባ ናት። ዙሪያዋ ገደል ነው። ጥንት የነገሥታት ልጆች ይጠበቁባት ነበር፤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ግማደ መስቀሉ እንዳረፈባት ስለሚታመን፥ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከአገሪቱ አራቱ ማዕዘን ብዙ ሕዝብ ይጎርፍባታል። አምባሰልን በዜማ ስሙ ብቻ የምታውቁት ካላችሁ፥ አገሩም እንደ ዜማው ከፍና ዝቅ የሚል ነው።

የሄድነው ለጥናት አልነበረም። አንዱ ጓደኛችን ፈተናውን ካለፈ ጥላ ሊያስገባ ተስሎ ነበር፤ ባያልፍም «ለሚመጣው» ብሎ ጧፍ ይዞ ሄደ። ሌላው ጓደኛችን ሙስሊም ነው፤ በወሎ ባህል ጓደኛን በመንገድ መለየት ነውር ስለ ሆነ እስከ አምባው ግርጌ ድረስ ሸኘን፥ እስክንመለስም እዚያው ጠበቀን። ከአምባው ስንወርድ አደይ አበባ በሞላበት ተዳፋት ላይ፥ አንዲት አደይ ይዞ፥ በእሾህ እየፈታ ተቀምጦ አገኘነው። «ኑ፥ ቁጠሩ!» አለን።

ቆጠርን። በዙሪያዋ ያለው እያንዳንዱ ቢጫ ቅጠል ለብቻው አንድ አበባ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘር አይሰጥም፥ ሥራውም ነፍሳትን መጥራት ነው። በመካከል ያለው ክምር በሙሉ ደቃቅ የቱቦ ቅርጽ ያላቸው አበቦች ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ የወንዴና የሴቴ ክፍል አለው፥ የራሱንም አንድ ፍሬ ያፈራል። ከዳር ያሉት ቀድመው ይፈካሉ፥ ወደ መካከል ያሉት ይከተላሉ። የዚህ ቤተሰብ የቀድሞ ስም ኮምፖዚቴ ነው፤ ትርጉሙም «የተጠናቀረ» ማለት ነው። ስሙን መቶ ጊዜ ጽፈነዋል፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን የገባን በዚያች ሰዓት ነው። አንዲት አደይ የምንላት በእውነት የአበቦች ማኅበር ናት።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ክር ተተረተረልን። አደይ የምንላቸው ዕፀዋት ቢደንስ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ከእነርሱም አንዷ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ትባላለች። በመመለሻችን ልብሳችንን የወጋን የሰይጣን መርፌ የሚባለው አረምም ቢደንስ ፒሎሳ፥ የዚያው ወገን ነው። «ቢደንስ» ማለት «ባለ ሁለት ጥርስ» ነው፤ «ማክሮፕቴራ» ማለት ደግሞ «ባለ ትልቅ ክንፍ» ነው። የአንዱ ፍሬ እንደ መንጠቆ ሆኖ በልብስና በእንስሳ ጠጉር ተጣብቆ ይጓዛል፤ የሌላይቱ ፍሬ ዳሩን ስስ ክንፍ አለው። ስለ ዘር መበተን በማስታወሻችን ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር፤ ሁለቱ ገጾች በአንድ ነጠላ ጫፍ ላይ ተሰክተው አገኘናቸው።

የአፍሪካን የቢደንስ ዝርያዎች መርምሮ የለየው፥ በኢትዮጵያና በኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍም ውስጥ የአስቴራሴን ቤተሰብ የጻፈው ኢትዮጵያዊው ሊቅ መስፍን ታደሰ መሆኑን በኋላ ስናነብ ደነገጥን፥ ኮራንም። የአደይን ምሥጢር የፈታው የውጭ አገር ሰው ብቻ መስሎን ነበርና።

ስንመለስ መንገዱን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ጀመርን። ከሐይቅ አካባቢ ተነሥቶ በአምባሰል ወደ ግሸን የሚወጣ ሰው ከ2,000 ሜትር ገደማ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ይወጣል። ዝቅ ባለው ሥፍራ ማሽላና ጤፍ ታያላችሁ፤ ከፍ ስትሉ ጤፉ እየቀረ ገብሱ ይተካል። ገበሬው ይህን «ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋ» ብሎ ሲከፍለው ኖሯል። በፈተና ላይ ደግሞ «ሲ-ሦስት እና ሲ-አራት ዕፀዋትን አነጻጽር» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። እኛም ሠንጠረዡን በቃላችን ይዘን፥ ምሳሌ ሲባል «በቆሎና ሸንኮራ አገዳ» እንል ነበር፤ ምሳሌዎቹ በመጽሐፉ የተጻፉት እነርሱ ነበሩና።

ጤፋችንና ማሽላችን ግን ሲ-አራት ናቸው፤ ገብስና ስንዴ ሲ-ሦስት ናቸው። የሲ-አራት ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስቀድሞ ሰብስቦ፥ በቅጠሉ ሥሮች ዙሪያ እንደ አክሊል ወደ ተደረደሩት ሴሎች ያስገባዋል። በሙቀትና በብርቱ ፀሐይ ጊዜ ከሚደርሰው ብክነት የሚድነው በዚህ ነው። ነገር ግን ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ጉልበት ስለሚያወጣ፥ ብርድ ባለበት ደጋ ትርፉ ይቀንሳል፤ በዚያ ገብስ ይረታል። እንግዲህ ከማሽላው እርሻ እስከ ገብሱ እርሻ የምንወጣው አቀበት ሠንጠረዡ ራሱ ነበር። የጤፍን ቅጠል በስሱ ቆርጠን በኮሌጃችን ማይክሮስኮፕ ስናይ፥ አክሊሉን በዓይናችን አየነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ጥያቄ የረሳ ከመካከላችን የለም።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በተዳፋቱ አንድ የከብት እረኛ ልጅ ሁለት ዓይነት ቁልቋል አሳየን። አንደኛው ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ ነው፤ ልጁም «ዓይን ያጠፋል፥ አትንኩት!» ብሎ አስጠነቀቀን። ሁለተኛው ወተት የለውም፤ ፍሬው በለስ ይበላል። ሁለቱም ግንዳቸው ውኃ ያዘለ፥ እሾኽ የለበሰ ነው፤ ለሩቅ ተመልካች ወንድማማቾች ይመስላሉ። ነገር ግን ባለ ወተቱ የዩፎርቢያ ወገን ሆኖ የአገራችን ተወላጅ ነው፤ በለሱ ግን ከአሜሪካ የመጣ የካክተስ ቤተሰብ ነው። ዘራቸው ሳይገናኝ ድርቅ አንድ ዓይነት ቀሚስ አለበሳቸው። ይህም በዝግመተ ለውጥ ትምህርት ውስጥ «ከተለያየ ዘር ወደ ተመሳሳይ መልክ መድረስ» የሚባለው ነው። ያ ልጅ ቃሉን አያውቅም፤ መለያውን ግን ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

በጥር ወር፥ ለአስተርዮ ማርያም በዓል፥ እንደ ገና ወደ ግሸን ሄድን። በዚህ ጊዜ አጉሊ መነጽርና አሮጌ ጋዜጣ ይዘን ነበር። የመስከረሙ ቢጫ አልቆ የአደይ ፍሬ ደርቋል፤ ክንፉን በጣታችን ዳሰስነው። ከመንገድ ዳር በአንድ ጓሮ ሁለት የኮሶ ዛፎች አበባቸውን ዘርግተው ቆመዋል። እኛም ተሰብስበን ስንከራከር የጓሮው ባለቤት፥ በዕድሜ የገፉ እናት፥ ወጡ።

«አብሽሩ ልጆቼ፤ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉን።

«እማማ፥ ይህ ዛፍ ከዚያኛው ለምን መልኩ ተለየ ብለን ነው» አልናቸው።

«ይኸማ ወንዴው ነው!» አሉ እየሳቁ። «ያ ቀላ ያለው ሴቴው ነው። ለመድኃኒት የምናወርደው ከሴቴው ነበር። ይህን ሳታውቁ ነው ኮሌጅ የገባችሁት?»

አፈርን። ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ የሆነ ተክል ጥቀሱ ስንባል «ፓፓያና ቴምር» ብለን ለዓመታት ጽፈናል። ከመካከላችን የቴምር ዛፍ ሲያብብ ያየ አንድም የለም። ኮሶ ግን በየአያቶቻችን ደጅ ነበር። ሃጌኒያ አቢሲኒካ ተብሎ የተጠራው ይህ ዛፍ የጽጌረዳና የፖም ቤተሰብ ነው፤ በወገኑ ውስጥ ያለው እርሱ ብቻ ነው፥ ሌላ ዝርያ የለውም። እርግጥ ነው፥ ዛሬ ለኮሶ ትል የሐኪም መድኃኒት አለ፤ የጥንቱ አወሳሰድም አደጋ ነበረበት። የዛፉ ዕውቀት ግን ከመድኃኒቱ ጋር ሊጣል አይገባውም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን ልንናገር እንወዳለን። እኒያ እናት ያላቸው ዕውቀት በቂ ነው፥ መጽሐፍ አያስፈልግም ለማለት አይደለም የምንነግራችሁ። ሴቴው ዛፍ ብቻውን ቢቀር ስለ ምን ዘር እንደማይሰጥ፥ ሁለቱ ተለያይተው መቆማቸው ለዝርያው ምን እንደሚጠቅመው፥ ይህን የሚያስረዳን መጽሐፉ ነው። ነገር ግን ትምህርታችን በሁለት መደርደሪያ ተከፍሎ ቆይቷል። በቤት የሰማነው በአማርኛ ነው፤ በታችኛው ክፍል ብርሃን አስተፃምሮን የተማርነው በአማርኛ ነው፤ ወደ ከፍተኛው ስንወጣ ደግሞ በእንግሊዝኛና በላቲን ሆነ። አንዱን መደርደሪያ ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ሰው ስለ ጠፋ፥ ኮሶ በአንዱ፥ ሃጌኒያ በሌላው ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ኖሩ። እነርሱን ማስተዋወቅ የእኛ የተማሪዎች ሥራ ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የምትሉትን እናውቃለን፤ እኛም ብለነው ነበርና። «ጊዜው አጭር ነው፤ ፈተናው የሚያስጠቁረው ፊደል ነው፤ በተራራ የሚዞር ሰው ስንት ገጽ ያመልጠዋል?» ትላላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ተገቢ መልስ ይፈልጋል።

መልሳችን ይህ ነው። ከጥር በኋላ የጥናት ሰዓታችንን አልጨመርንም፤ እንዲያውም ቀንሰናል። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ እያንዳንዳችን አንድ ተክል እንድናመጣ ተስማማን፤ ለዚያ ተክል እያንዳንዱ ሰው አንድ ጥያቄ እንዲጽፍ፥ ጥያቄውንም ከአሮጌ ወረቀት ሳይሆን ከተክሉ እንዲያወጣ ደነገግን። በመጀመሪያው ዓርብ የወይራ ቅርንጫፍ ቀረበ። ከእርሱ አምስት ጥያቄ ወጣ፤ ስለ ቅጠሉ ጀርባ ብርማነት፥ ስለ ውኃ ቁጠባ፥ ስለ ፍሬው ዓይነት፥ ስለ ቤተሰቡና ስለ ደጋማው ደን። ቀጥሎ ጥድ መጣ፤ አበባ የሌለው፥ ዘሩም በእውነተኛ ፍሬ ያልተሸፈነ በመሆኑ፥ ሙሉ አንድ ምዕራፍ ከእርሱ ተጠና። በሌላ ዓርብ አስታ፥ ቀጥሎም ባሕር ዛፍ መጣ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ.፥ ከውጭ ገብቶ አገሩን የሞላ፥ የአውስትራልያ ተወላጅ ነው። ወጣቱ ቅጠሉና ያረጀው ቅጠሉ ሁለት ዓይነት መልክ ስላለው ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሃያ ሳምንት ሳይሞላ የትምህርት ማውጫው በሙሉ በጠረጴዛችን ላይ አልፎ ነበር።

በግንቦት ፈተናው ተደገመ። አምስታችንም ቀረብን። ውጤቱን ሳንደብቅና ሳናጋንን እንነግራችኋለን፦ ሦስታችን አለፍን፥ ሁለታችን አላለፍንም። ያላለፍነው ሁለታችንም ከፊታችሁ ከቆምነው መካከል ነን። በዕፀዋቱ ጠረጴዛ ላይ አልወደቅንም፤ በስሌትና በስታቲስቲክስ ጥያቄዎች ነው የወደቅነው። ስለዚህ ተራራው ሁሉን ያድናል ብለን አንሰብክም። ነገር ግን ያላለፍነውም ብንሆን፥ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ባዶ እጃችንን አልተመለስንም። በሰኔ ወር የወደቅን ጊዜ ከሳምንት በኋላ የቀረን ዕውቀት አልነበረም፤ አሁን ግን በየመንገዱ የሚያስቆመን ነገር አለን።

ከፈተናው ባሻገር የሚጠብቀን ሥራም ይህንኑ ይጠይቃል። በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፥ ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አየ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፥ ከዚያች እይታ ታላቅ ምርምር ተወለደ፤ በ1989 እ.ኤ.አ.ም እርሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እንዶድን ያላየ ኢትዮጵያዊ ማን ነበር? ቁም ነገሩ ቆም ብሎ መመልከቱ ነው።

በአራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ማከማቻ የተቋቋመው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር የአገሪቱን ዕፀዋት በሙሉ መዝግቦ የመጻፍ ሥራ ጀመሩ፤ ስምንቱም ቅጾች በ2009 እ.ኤ.አ. ተፈጸሙ። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዘገቡ፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል በዚህች ምድር ካልሆነ በሌላ የማይገኝ ነው። በዚህ ሥራ ከመሪዎቹ አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በ2018 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል ሆነው ተመርጠዋል። ይህ ሁሉ የተሠራው ቅጠል በወረቀት መካከል እየደረቀ፥ ቦታውና ቀኑ እየተጻፈበት ነው፤ ያም የተማሪ እጅ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

ለወሎ ልጅ ደግሞ ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ነግረውናል። ረኃብ ሲመጣ ገበሬው የዘሩን እህል ይበላል፤ ዘሩ ሲበላ ለብዙ መቶ ዓመታት የተመረጠ ዝርያ ይጠፋል። ዶክተር መላኩ ወረደ ከሌሎች ጋር በአዲስ አበባ ባለው የዘር ባንክ፥ እንዲሁም በወሎና በሸዋ ገበሬዎች እርሻ ላይ የአገሩን ዘር ለማዳን የደከሙት ስለዚህ ነው። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ አንድ የዘር ባሕርይ የገብስን ቢጫ ድንክዬ በሽታ እንደሚቋቋም የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አግኝተው፥ ለአገራቸው እርሻ ተጠቅመውበታል። እኛ በአጠገቡ እያለፍን የምንሄደው የደጋ ገብስ ለሌላው ዓለም መድኅን ሆኗል። እንግዲህ የገብስ ዝርያን ከገብስ ዝርያ መለየት የማይችል የዕፀዋት ተማሪ ከመቶ ዘጠና ቢያመጣም ለዚህ አገር ምን ይጠቅመዋል?

ከዚህ በላይ ሳናስረዝም፥ አራት ሐሳቦችን ለማኅበሩና ለመምህራኖቻችን በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የዓርብ የዕፀዋት ጠረጴዛ እኛ ከኮሌጁ ስንወጣ እንዳይዘጋ፥ ማኅበሩ አንድ ክፍልና ሁለት አጉሊ መነጽር ይመድብለት። ከእኛ የቀሩትን የጥያቄ ደብተሮች ለሚቀጥሉት እናስረክባለን።

ሁለተኛ፤ የባዮሎጂ ክፍል የራሱ የደረቁ ዕፀዋት ስብስብ ይኑረው። እኛ በጋዜጣ መካከል አድርገን በድንጋይ ተጭነን ያደረቅናቸውን 43 ተክሎች ለመጀመሪያ እንሰጣለን። በየአንዳንዱ ላይ የተገኘበት ቦታ፥ ከፍታው፥ ቀኑ፥ የላቲን ስሙ፥ አገሬው የሚጠራበት ስምና ስሙን የነገረን ሰው የሚኖርበት ቀበሌ ተጽፏል። ከግሸን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ግን አንድም ቅጠል አልበጠስንም፤ ወደ ፊት የሚሰበስቡም እንዲሁ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ፥ ከጥቂት ያለውንም እንዳይነቅሉ አደራ እንላለን።

ሦስተኛ፤ ክቡራን መምህራኖቻችን ሆይ፥ በምትሰጡን ፈተና ውስጥ ቢያንስ አንድ ጥያቄ በእጅ የሚያዝ ተክል ይሁን። ይህን ስንጠይቅ ታናናሾቻችን ሊቀየሙን እንደሚችሉ እናውቃለን። ነገር ግን ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው፤ አሮጌ ወረቀት ከጠየቃችሁን አሮጌ ወረቀት እናጠናለን፥ ቅርንጫፍ ከጠየቃችሁን ቅርንጫፍ እንፈልጋለን።

አራተኛ፤ እያንዳንዳችሁ ለዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትሄዱ፥ የአሥር ዕፀዋትን ስም ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ተመለሱ። ስሙን የሚያውቁት ሰዎች እያለፉ ነው፤ እርሱ ደግሞ ፈተና በየዓመቱ እንደሚደገም የሚደገም አይደለም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ እኛ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመውጫ ፈተናችንን ወስደን እንበተናለን። ያለፍነው ሦስታችን ወደ ከፍተኛው ጥናት እንሄዳለን፤ ያላለፍነው ሁለታችን ሥራ እየፈለግን፥ ስታቲስቲክሱንም እያጠናን እንቆያለን። ይሁን እንጂ ለመስከረም 21 ቀጠሮ ይዘናል፤ ጧፍ ይዞ የሄደው ጓደኛችን አልፏልና ጥላውን ያስገባል፥ ሙስሊሙም ጓደኛችን በአምባው ግርጌ፥ በአደዩ መካከል ይጠብቀናል። አብሮን ሊመጣ የሚወድ ቢኖር አንድ አጉሊ መነጽርና አንድ አሮጌ ጋዜጣ ይያዝ።